ሰዓቱ ደርሶ ያልተነሣው ሥራ፤ የጊዜ ቀስቃሾች ለምን ይከሽፋሉ?

በየመሥሪያ ቤቱ ሳይታወቅ የተቀጠረ አንድ ሠራተኛ አለ። ሰኞ ጠዋት ሪፖርት ይልካል፣ በወር መጨረሻ ያልተከፈሉ ሒሳቦችን ያስታውሳል፣ የቢሮ ኪራይ ውል ሊያበቃ ሁለት ወር ሲቀረው ለኃላፊው ኢሜይል ይጽፋል። ደመወዝ አይጠይቅም፣ የዓመት ፈቃድም አይወጣም። ይህ ሠራተኛ ሰው ሳይሆን በኮምፒውተር ላይ የተዘረጋ የሥራ ፍሰት ነው። አንድ ቀን ግን ሰዓቱ ይደርስና ሳይነሣ ይቀራል። አለመነሣቱንም የሚናገር የለም። የዛሬው ጽሑፌ ይህ ለምን እንደሚሆን፣ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍልና ምን መደረግ እንዳለበት ለማብራራት የተዘጋጀ ነው።

የተማርኩት ሕግ ነው። የሕግ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ምክንያቴ ቀላል ነው። የሕግ ሥራ ግማሹ ቀን መቁጠር ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 323 መሠረት ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 መሠረት ደግሞ ሕግ በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በቀር ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። የንግድ ፈቃድ ማደሻ፣ የግብር ማስታወቂያ፣ የኢንሹራንስ ውል፣ የባንክ ዋስትና ደብዳቤ፣ ሁሉም ቀን አላቸው። ቀኑ ካለፈ መብቱ ያልፋል፣ ወይም ቅጣቱ ይመጣል። ቀድሞ እነዚህን ቀኖች የሚጠብቀው የጸሐፊዋ አጀንዳ ነበር። አሁን አሁን በብዙ ቢሮዎች አጀንዳው ተዘግቶ ጥበቃው ለጊዜ ቀስቃሽ ተሰጥቷል። በመሆኑም ቀስቃሹ እንዴት እንደሚከሽፍ ማወቅ የኮምፒውተር ክፍሉ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

መጀመሪያ ስለ ቃላቱ

«ሎው ኮድ» የሚባሉት መሣሪያዎች ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰው ሣጥኖችን በመስመር እያያያዘ ሥራ እንዲያስኬድ የሚያደርጉ ናቸው። ስያሜው የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ሲሆን፣ የወጣውም ፎሬስተር ከተባለው የጥናት ድርጅት ነው። ማይክሮሶፍት «ፍሎው» ብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ ያወጣውንና በ2019 «ፓወር ኦቶሜት» ብሎ የሰየመውን መሣሪያ የማይክሮሶፍት ኢሜይል የሚጠቀሙ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሳያውቁት በእጃቸው ይዘውታል። «ሜክ»፣ ቀድሞ «ኢንቴግሮማት» ይባል የነበረው፣ «ዛፒየር»፣ «ኤን ኤይት ኤን» እና «ጉግል አፕስ ስክሪፕት» የተባለውም በዚሁ መደብ ሊታዩ ይችላሉ። የመጨረሻው መጠነኛ ኮድ ይጠይቃል።

ማንኛውም የሥራ ፍሰት የሚጀምርበት ነገር ያስፈልገዋል። ይህንን «ቀስቃሽ» እንበለው። ቀስቃሽ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በድርጊት የሚነሣ ነው። ደንበኛ ቅጽ ሲሞላ፣ ኢሜይል ሲገባ፣ ሰነድ ሲጸድቅ ሥራው ይጀምራል። ሁለተኛው በጊዜ የሚነሣ ነው። ማንም ምንም ባያደርግም ሰዓቱ ሲደርስ ሥራው ይጀምራል። የዚህኛው ቅድመ አያት በዩኒክስ ሥርዓት ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው «ክሮን» የተባለው ፕሮግራም ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። በድርጊት የሚነሣው ሥራ ምስክር አለው። ቅጹን የሞላው ደንበኛ መልስ ሲያጣ ስልክ ይደውላል፣ ይቆጣል፣ ነገሩ በዚያው ቀን ይታወቃል። በጊዜ የሚነሣው ሥራ ግን ምስክር የለውም። እንዲያውም የተዘረጋው ሰው እንዳይጠብቀው ተብሎ ነው። ማስታወሻው ያልደረሰው ኃላፊ ማስታወሻ እንዳልደረሰው በምን ያውቃል? የሚያስታውስ ቢሆንማ ማስታወሻው ባላስፈለገው ነበር። የጊዜ ቀስቃሽ ችግር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስድስት ምክንያቶች እያንዳንዳቸው ጥቃቅን ይመስላሉ። ጉዳት የሚያደርሱት ማንም ሳያያቸው ስለሚቆዩ ነው።

1. ሰዓቱ የማን ሰዓት ነው?

ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሥራቸውን የሚያካሂዱት እኛ በማናያቸው ሰርቨሮች ላይ ነው። ሰርቨሮቹ የሚያውቁት ዩቲሲ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ከዚህ ሰዓት በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። በፓወር ኦቶሜት የሰዓት ቀጣና ሳይመርጡ «8» ብሎ መጻፍ ማለት በእኛ ከረፋዱ 5 ሰዓት ማለት ነው። በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ኤን ኤይት ኤን ደግሞ ካልተነገረው በስተቀር የሚቆጥረው በኒውዮርክ ሰዓት ነው። እዚያ «8» ተብሎ የተጻፈ ሥራ አዲስ አበባ ላይ በእነሱ በጋ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት ከቀኑ 10 ሰዓት ይነሣል። እኛ ሰዓታችንን የማናዛባ ሕዝብ ብንሆንም፣ አሜሪካኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያንቀሳቅሱ የእኛም ሥራ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይላክ» የተባለ ሠራተኛ «2» ብሎ ከጻፈ፣ ለመሣሪያው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው የነገረው። የሰዓት ቀጣናውንም ካልመረጠ መልእክቱ የሚሄደው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሆናል። መልእክቱ ስለሚደርስ ማንም ቅሬታ አያቀርብም። ጉዳቱ የሚታየው ሥራው የሌላ ሰው ሥራ ማለቅን ሲጠብቅ ነው። ለምሳሌ ሒሳብ ክፍል ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የሚያስገባውን ዝርዝር ሌሊት የሚነሣ ፍሰት ሊያገኘው አይችልም። የሚልከው የትናንቱን ነው።

ከዚህ የረቀቀም አለ። ብዙ ሰዎች ሥራቸው «በቀኑ መጀመሪያ» እንዲሆን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ያስቀምጡታል። ፍሰቱ ውስጥ ግን «ዛሬ» የሚለው ቀን የሚወሰደው ከዩቲሲ ከሆነ፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ «ዛሬ» ማለት ትናንት ነው። ቀስቃሹ በትክክል ተነሥቶ፣ በተሳሳተ ቀን ላይ ይሠራል ማለት ነው።

2. ወሩስ የማን ወር ነው?

ከላይ የጠቀስኳቸው መሣሪያዎች «በየወሩ» ሲሉ የጎርጎርዮስን ወር ነው። እኛ ደግሞ የበጀት ዓመታችንን ሐምሌ 1 ጀምረን ሰኔ 30 የምንዘጋ፣ ብዙውን ውል በራሳችን የዘመን አቆጣጠር የምንጽፍ ነን። የወራችን 30ኛ ቀን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የት እንደሚውል እንመልከት። መስከረም 30 ኦክቶበር 10 ነው። ጥቅምት 30 ኖቬምበር 9፣ ጥር 30 ፌብሩዋሪ 7፣ ሰኔ 30 ጁላይ 7፣ ሐምሌ 30 ኦገስት 6፣ ነሐሴ 30 ደግሞ ሴፕቴምበር 5 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋሉ።

እንግዲህ «በየወሩ በ9ኛው ቀን» ተብሎ የተቀመጠ ቀስቃሽ በጥቅምት ልክ ይሆንና በነሐሴ አራት ቀን ይዘገያል። ይህንን የተረዳ ሰው «በየ30 ቀኑ» ወደሚለው ይሄዳል። ይህም ከመስከረም እስከ ነሐሴ በትክክል ይሠራል። ከዚያ ጳጉሜን ትመጣለች። ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 30 ያለው 35 ወይም 36 ቀን ስለሆነ ቆጠራው በአዲሱ ዓመት መባቻ ይሳሳትና ዓመቱን ሙሉ እንደተሳሳተ ይቀጥላል። አንድ ዓመት ሙሉ የሠራ ነገር ይሳሳታል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ለፈረንጁም ቢሆን የቀን ቆጠራ ቀላል አይደለም። ክሮንን በመሰለ አጻጻፍ «በ31ኛው ቀን» ተብሎ የታዘዘ ሥራ 31 ቀን በሌላቸው አምስት ወራት አይነሣም። የማይክሮሶፍት የደመና አገልግሎት የሆነው አዠር እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 በሰፊው የተቋረጠው አንድ ፕሮግራም በዚያ ቀን ላይ አንድ ዓመት ደምሮ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2013 የሚል የሌለ ቀን በማውጣቱ ነበር። ያን ያህል ባለሙያ ያለው ኩባንያ ዘመነ ዮሐንስን ሳይሆን አንዲት የጨመረች ቀን መቁጠር ከተሳነው፣ የእኛ የአስተዳደር ክፍል ጳጉሜን ቢረሳ የሚያስደንቅ አይሆንም።

3. ሥራው በማን ስም ይሠራል?

በእኔ ግምት ከሁሉም ይበልጥ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። የጊዜ ቀስቃሽ ሲነሣ ኢሜይል ለመላክ፣ ፋይል ለመክፈት የአንድ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያ ፈቃድ ፍሰቱን የዘረጋው ሠራተኛ አካውንት ነው። የጉግል አፕስ ስክሪፕት ቀስቃሾች ምንጊዜም የሚሠሩት በፈጠራቸው ሰው አካውንት ነው። በፓወር ኦቶሜትም ግንኙነቶቹ የዘርጊው ናቸው። ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን ሲቀይር፣ መሥሪያ ቤቱ አዲስ የደህንነት ደንብ ሲያወጣ፣ ወይም ሠራተኛው ሲለቅና አካውንቱ ሲዘጋ ፈቃዱ ይሞታል።

ሕግ የተማረ ሰው ይህንን በቀላሉ ይረዳዋል። ውክልና በተወካዩ ሞት ይቋረጣል። ልዩነቱ፣ ሰው ሲሞት ለቅሶ አለ፤ አካውንት ሲዘጋ ግን የሚሰማ የለም።

በሙያዬ ምክንያት ከተመለከትኳቸው ጉዳዮች አንዱን ስሙን ሳልጠቅስ ላንሣ። አንድ ድርጅት ለበርካታ ዓመታት የተከራየው መጋዘን ነበረው። ውሉን ለማደስ የሚፈልግ ተከራይ ውሉ ከማብቃቱ ከሦስት ወር በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ እንዳለበት ተጽፏል። ይህንን የሚያስታውስ ፍሰት አንዲት ጎበዝ ሠራተኛ ዘርግታ ነበር። ሠራተኛዋ የተሻለ ሥራ አግኝታ ለቀቀች። የመሥሪያ ቤቱ ንብረት አስረክባ፣ ክሊራንስ ጨርሳ ነው የሄደችው። ላፕቶፑ ተመለሰ፣ የመታወቂያ ካርዱ ተመለሰ፣ ኢሜይሏ ተዘጋ። ፍሰቱን ማንም አልጠየቃት፣ ምክንያቱም እንደ ንብረት የቆጠረው አልነበረም። ሦስት ወሩ መጣ፣ አለፈ። አከራዩ ለሌላ ተከራይ እንዳከራየ ሲያሳውቅ ድርጅቱ ያለው አማራጭ መለመን ብቻ ሆነ። የኮምፒውተር ክፍሉ ሲጠየቅ «ሲስተሙ ይሠራል» አለ። እውነቱን ነው። ሲስተሙ ይሠራ ነበር።

4. መሣሪያው ራሱ ሲያጠፋው

አብዛኛው ተጠቃሚ የዘረጋው ፍሰት እስኪያጠፋው ድረስ የሚሠራ ይመስለዋል። የአገልግሎት ሰጪዎቹ ደንብ ግን ሌላ ነው። በፓወር ኦቶሜት ያለማቋረጥ ለ14 ቀናት ሲከሽፍ የቆየ ፍሰት ይጠፋል። ከማይክሮሶፍት 365 ጋር በሚመጣው መደበኛ ፈቃድና በነጻው ዕቅድ ደግሞ ለ90 ቀናት ሳይነሣ የቆየ ፍሰት ይጠፋል። ይህንን ደግማችሁ አስቡት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሐምሌ 1 ቀን፣ እንዲነሣ የተቀመጠ ቀስቃሽ በተፈጥሮው ከ90 ቀን በላይ ይተኛል። ማለትም አልፎ አልፎ የሚነሣው፣ እኛ በራሳችን ልናስታውሰው የማንችለውና ጥበቃው በእጅጉ የሚያስፈልገው ሥራ ነው ለመጥፋት የተጋለጠው። ማስጠንቀቂያ ይላካል። የሚላከው ግን ለፍሰቱ ባለቤት ኢሜይል ነው። ባለቤቱ ለቆ ከሄደ ማስጠንቀቂያው ለማን ይደርሳል?

ሜክ በጊዜ የሚነሣ ፍሰት በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ በስተቀር ያቆመዋል። የኢንተርኔት መስመር ለግማሽ ቀን ሲቆራረጥ በየሩብ ሰዓቱ የሚነሣ ፍሰት ሦስት ጊዜ መሳሳቱ ቀላል ነገር ነው። መስመሩ ሲመለስ ግን ፍሰቱ በራሱ አይመለስም። ጉግል በበኩሉ ቀስቃሾች በቀን የሚሠሩበትን ጠቅላላ ጊዜ ለግል አካውንት 90 ደቂቃ፣ ለድርጅት አካውንት 6 ሰዓት አድርጎ ወስኖታል። አንድ ጊዜ ተነሥቶ መሥራት የሚችለውም ለ6 ደቂቃ ብቻ ነው። ዝርዝሩ አጭር ሳለ በሁለት ደቂቃ ያልቅ የነበረ ሥራ ድርጅቱ ሲያድግ ከመካከል ይቆረጣል።

5. ያለፈው አይካካስም

በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ተጠቃሚዎች የሚያስቡት የተሳሳተ ነው። መብራት ጠፍቶ ወይም አገልግሎቱ ተቋርጦ ቀስቃሹ ሳይነሣ ቢቀር፣ በኋላ ሲመለስ ያመለጠውን ይሠራዋል ብለው ያምናሉ። ፓወር ኦቶሜት የሚጠቀምበት ተራው የድግግሞሽ ቀስቃሽ ያመለጠውን ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። በቀጥታ ወደሚቀጥለው ሰዓት ይሻገራል። ያመለጠውን የሚያካክስ «ስላይዲንግ ዊንዶው» የሚባል ቀስቃሽ በማይክሮሶፍት «ሎጂክ አፕስ» ውስጥ አለ። ልዩነቱን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። በቢሮ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ኤን ኤይት ኤንም ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሲበራም ያለፈውን አይፈልግም።

እኛ አገር መብራት የሚጠፋበት፣ ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከጁን መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ጊዜው የበጀት ዓመት መዝጊያና መክፈቻ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደመና ላይ ያለው ቀስቃሽ በሰዓቱ ሊነሣ ይችላል፣ ነገር ግን ፋይሉ ያለው በቢሮው ሰርቨር ላይ ከሆነ አያገኘውም።

መንሸራተትም አለ። በፓወር ኦቶሜት የመነሻ ሰዓት ሳይጻፍ «በየቀኑ» ብቻ ከተባለ፣ የመጀመሪያው ሥራ የሚነሣው ፍሰቱ በተቀመጠበት ቅጽበት ነው። ቀጣዩ የሚሰላው ከቀዳሚው ተነሥቶ ስለሆነ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ይሸሻል። የጉግል ቀስቃሽ ደግሞ «ከ9 እስከ 10» በሚል የአንድ ሰዓት ክልል ውስጥ ራሱ የመረጠውን ደቂቃ ነው የሚይዘው። ልክ 9 ሰዓት ላይ ካልሆነ ዋጋ የሌለው ሥራ ለዚህ መሣሪያ ሊሰጥ አይገባም።

6. «ተሳክቷል» የሚለው አረንጓዴ ምልክት

የመጨረሻው ከሁሉም አሳሳች ነው። ቀስቃሹ በሰዓቱ ይነሣል፣ ፍሰቱ እስከ መጨረሻ ይሄዳል፣ አረንጓዴ ምልክትም ይታያል፣ የተሠራ ሥራ ግን የለም። በፓወር ኦቶሜት ከኤክሴል ሠንጠረዥ መረጃ የሚያነብ እርምጃ ተጨማሪ ቅንብር ካልተደረገለት የሚያነበው 256 መስመር ብቻ ነው። ከሼርፖይንት ዝርዝር የሚያነበው ደግሞ 100 ነው። አንድ ድርጅት 300 ውሎች ካሉት 257ኛው ውል ለመሣሪያው አልተፈረመም። ስህተት አይባልም፣ ምክንያቱም መሣሪያው የታዘዘውን አድርጓል። ፍርድ ቤት ቀርቦ «መዝገቡን አይቻለሁ» የሚል፣ ነገር ግን የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ያነበበ ጠበቃን አስቡ።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

እዚህ ላይ ወደ ሙያዬ ልመለስ። ማስታወሻው ባለመላኩ ግዴታውን ያልፈጸመ ድርጅት «ሲስተሙ ነው» ብሎ መከላከል ይችላል? በእኔ አስተያየት አይችልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ ለሆነ ኃይል ሁለት ነገር ይፈልጋል። ድርጊቱ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችል መሆን አለበት፣ ግዴታውን እንዳይፈጽምም ፍጹም መሰናክል የሆነ መሆን አለበት። በአገልግሎት ሰጪው ደንብ ላይ በግልጽ የተጻፈ የ90 ቀን ገደብ ሊታሰብ የማይችል ነው ማለት አያስኬድም። ማስታወሻ መቅረቱም ደብዳቤ በእጅ ጽፎ ከመላክ የሚያግድ ፍጹም መሰናክል አይደለም።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ይህ ጥሩ ነው። ዕውቅናው የሚጠቅመው ግን ለተላከ መልእክት ነው፤ ሊላክ ታስቦ ላልተላከ መልእክት ሕግ የሚሰጠው ዋጋ የለም። የማስረጃውም ነገር አሳሳቢ ነው። ፓወር ኦቶሜት እያንዳንዱ ፍሰት መቼ እንደተነሣ የሚያሳየውን ታሪክ የሚያቆየው ለአንድ ወር ገደማ ነው። ክርክር የሚነሣው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ያኔ ማስጠንቀቂያ ልኬ ነበር የሚለው ወገን ማስረጃው በራሱ ጊዜ ተሰርዞ ያገኘዋል።

ምን ይደረግ?

መሣሪያዎቹን እንጣላቸው አልልም። ሰውም ይረሳል፣ ይታመማል፣ ይለቃል። የሚያስፈልገው በጊዜ ለሚነሣው ሥራ የጎደለውን ምስክር መስጠት ነው። ለዚህም የሚከተሉት እርምጃዎች ብዙ ወጪ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ ዝምታ ራሱ ማንቂያ ይሁን። የሌሊት ዘብ ሲያፏጭ ቤተሰቡ አይነቃም፤ ፉጨቱ ሲጠፋ ነው የሚያሰጋው። ፍሰቱ በተነሣ ቁጥር ለሌላ ቦታ «ተነሥቻለሁ» ይበል። ምልክቱ በሰዓቱ ካልደረሰ ያኛው ወገን ይጩህ። «ሄልዝቼክስ»ን የመሳሰሉ አገልግሎቶች የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ይህ ባይቻል እንኳ «ዛሬ የሚታወስ ውል የለም» የሚል መልእክት በየሳምንቱ ለኃላፊው ይድረስ። ባዶ መልእክት አሰልቺ ነው፣ ነገር ግን ሲቀር ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው «ዛሬ ልክ 60 ቀን የቀራቸው የትኞቹ ናቸው?» ተብሎ አይጻፍ። «60 ቀን ወይም ከዚያ በታች የቀራቸውና ገና ማስታወሻ ያልተላከባቸው የትኞቹ ናቸው?» ተብሎ ይጻፍ። የመጀመሪያው አንድ ቀን ካመለጠው ለዘለዓለም አመለጠው። ሁለተኛው ዛሬ ቢያመልጠው ነገ ያገኘዋል። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለማድረግ ጊዜ ያለው ሰው ይህንን ያድርግ።

ሦስተኛ፣ በወር ወይም በዓመት የሚነሣ ቀስቃሽ አይኑር። ቀስቃሹ በየቀኑ ይነሣና «ዛሬ ቀኑ ነው?» ብሎ በሠንጠረዥ ላይ ከተጻፉ ቀኖች ጋር ያመሳክር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉት ቀኖች ለዓመቱ አስቀድመው በጎርጎርዮስ ተመንዝረው በሠንጠረዡ ላይ ይቀመጡ። ይህ የጳጉሜንንም የ90 ቀኑንም ችግር አንድ ላይ ይፈታል።

አራተኛ፣ የሰዓት ቀጣና ሳይመረጥ፣ የመነሻ ሰዓትም ሳይጻፍ አይታለፍ። ትዕዛዝ ሲሰጥ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብቻ ሳይሆን በ24 ሰዓት አቆጣጠር «08:00 የአዲስ አበባ ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ ፍሰቱ በሰው ስም ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ ስም በተከፈተ አካውንት ይሥራ። ቢያንስ ሁለት ባለቤት ይኑረው። በክሊራንስ ቅጹ ላይ «የዘረጋቸው የሥራ ፍሰቶች» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። መስመሩ ለመጨመር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስድስተኛ፣ የተላከ ማስታወሻ ሁሉ ቀኑና ተቀባዩ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ይጻፍ እንጂ በመሣሪያው ታሪክ ላይ ብቻ አይመካ።

ሰባተኛ፣ መብት የሚያሳጡ ቀኖች፣ ማለትም ይግባኝ፣ ይርጋ፣ የዋስትና ማብቂያና የውል ማደሻ፣ በሰው አጀንዳ ላይም ይጻፉ። እንደ ድርጅቱ ስፋት ቢለያይም እነዚህ ቀኖች በዓመት ከጥቂት ገጽ አይበልጡም።

ይህንን ጽሑፍ ያነበበ ኃላፊ ነገ ጠዋት ቢሮ ሲገባ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጠይቅ ይበቃኛል። «በጊዜ የሚነሡ ሥራዎቻችን ስንት ናቸው፣ እያንዳንዳቸውስ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሡት መቼ ነው?» መልሱ በአንድ ቀን ውስጥ ካልመጣ፣ ከእነዚያ ሥራዎች ቢያንስ አንዱ ሞቶ ሊሆን እንደሚችል ይገምት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አበው። ቸር እንሰንብት።